ከስህተት በኋላ ቁጥሩ ከየት ይቀጥላል? ስለ ማይክ ካንድሪያና ስለ ሶፍትቦል ልምምድ የተነሣ ክርክር

ይህን የኢንተርኔት መድረክ ውይይት፣ ማለትም ክሩን፣ የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ ታሪኩንም ከራሴው ልጀምር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ የታዳጊ ሴቶች የሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ቡድን ውስጥ ሁለተኛ ቤዝ ላይ፣ ማለትም ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች በሁለተኛው አካባቢ፣ ትጫወታለች። እኔ ያደግሁት በእግር ኳስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የውድድር ዘመናት ያሳለፍሁት ሌሎች ወላጆች ሲያጨበጭቡ አብሬ እያጨበጨብሁ፣ ለምን እንደ ተጨበጨበ ግን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄን እየጠየቅሁ ነበር። በሚያዝያ ወር አንድ ምሽት አሠልጣኙ ልጆቹን በየቦታቸው አቁሞ ሃያ አንድ አውት የሚሉትን ልምምድ ጀመረ። የሶፍትቦል ጨዋታ ሰባት ኢኒንግ (የመምታት ዙር) ስላለው፣ በእያንዳንዱም ኢኒንግ ሦስት መቺዎችን ማስወጣት፣ ማለትም አውት ማድረግ፣ ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ቡድን ጨዋታውን ለመጨረስ ሃያ አንድ አውት ያስፈልገዋል፤ ልምምዱም አሠልጣኙ እየመታ የሚልካቸውን ኳሶች ሃያ አንድ ጊዜ በተከታታይ ያለ አንዳች ስህተት አውት ማድረግ ነው። አንዲት ኳስ ካመለጠች ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ኳሷ በልጄ እግሮች መካከል ሾልካ አለፈች። ከዜሮ ጀመሩ፤ ዘጠኝ ላይም አሥራ አራት ላይም ተሰናከሉ፤ የሜዳው መብራት እስኪበራ ድረስ ቆዩ። በመኪናው ውስጥ ልጄ ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ቤት ገብተን እራት ሲቀርብም ጓንቱ እጇ ላይ ነበር።

በዚያው ሌሊት በአማርኛ በምንወያይበት የስፖርት መድረክ ላይ ጻፍሁ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲው ማይክ ካንድሪያ በኮሌጅ ሶፍትቦል ታሪክ ተወዳዳሪ የሌለው አሠልጣኝ መሆኑን፣ ስምንቱን ብሔራዊ ዋንጫዎች በ1991፣ በ1993፣ በ1994፣ በ1996፣ በ1997፣ በ2001፣ በ2006 እና በ2007 ያነሣው እንዲህ ባለ የብረት ሥርዓት መሆኑን በእርግጠኝነት ከገለጽሁ በኋላ፣ ልጄን ታግሣ እንድታልፈው ልምከራት ወይስ ቡድን ልቀይርላት ብዬ ጠየቅሁ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ እርግጠኝነት ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ አዛውንት ነው። ወንድሜ ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ፣ ልጅ በማልቀስ እንደማይሞት፣ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ ከዚህ የባሰ እንዳዩ ገለጹ፤ ስለ ሶፍትቦል ግን አንድ ቃል አልጻፉም።

መልስ 2 በትሕትና የተጻፈ ቢሆንም አንድም ዐረፍተ ነገሬን ሳያርም አላለፈም። ጸሐፊዋ በመጀመሪያ ያረሙት ልምምዱን የካንድሪያ ማድረጌን ነው፤ ሃያ አንድ አውት ባለቤት የሌለው፣ ከትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ዩኒቨርሲቲ በየቦታው የሚሠራ የጋራ ሀብት መሆኑን አስታወሱኝ። ቀጥለውም ተወዳዳሪ የለውም ማለቴን ነቀፉ። የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዋ አሠልጣኝ ፓቲ ጋሶ ከ2021 እስከ 2024 አራት ዋንጫ በተከታታይ ወስዳ በጠቅላላው ስምንት ላይ ደርሳለች፤ ይህን የመሰለ አራት ተከታታይ ድል ከእርሷ በፊት ማንም አላገኘም። በጨዋታ ድል ብዛትም ቢሆን ካንድሪያ በአሪዞና 1,674 ጊዜ አሸንፎ በ2021 ጡረታ ሲወጣ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዋ አሠልጣኝ ካሮል ሃቺንስ በዓመቱ አልፋው 1,707 ላይ ቆማለች። ሁለቱንም እርማት በጸጋ ተቀበልሁ።

መልስ 3 ከክሩ ሁሉ ረጅሙ ነበር። ጸሐፊው በዘጠናዎቹ ዓመታት የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ በሚገኝባት በቱሳን ከተማ የተማሩና ሂለንብራንድ የተባለው የሶፍትቦል ስታዲየም በ1993 ሲከፈት በዚያው የነበሩ ሰው ናቸው። እንደ ጻፉት ካንድሪያ የመጣው ከቤዝቦል ነው፤ በሴንትራል አሪዞና ኮሌጅ ተጫውቶ፣ ኋላም እዚያው የሴቶቹን ሶፍትቦል ይዞ በ1984 እና በ1985 የሁለት ዓመት ኮሌጆችን ብሔራዊ ዋንጫ አከታትሎ አነሣ፤ በ1986 ወደ ቱሳን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲተርኩ ግን ከድሉ ይልቅ ሽንፈቱ ላይ ቆሙ። ከ1991 እስከ 1997 ባሉት ሰባት ዓመታት አምስት ዋንጫ የወሰደው ቡድን በ1992 እና በ1995 በፍጻሜው በዩሲኤልኤ (በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ተሸንፏል፤ በ1998 ደግሞ ተመልካቹ ሁሉ ዋንጫውን አስቀድሞ ሲሰጠው ማርጂ ራይት የምታሠለጥነው ፍሬስኖ ስቴት 1 ለ 0 አሸነፈው። ጸሐፊው ሊሉ የፈለጉት፣ ይህ ሰው ከሽንፈት በማግሥቱ እንዴት መነሣት እንዳለበት የሚያውቅ አሠልጣኝ እንጂ ስህተት የማይታይበት ቡድን የገነባ ሰው አልነበረም ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ነጥብ ዐይኔ እያየው አልፌዋለሁ።

መልስ 4 ላይ የውይይቱ ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊዋ የሴቶች ስፖርት በተነሣ ቁጥር የምንጀምረው በወንድ አሠልጣኝ ስም መሆኑ እንደ ሰለቻቸው በቁጣ ጻፉ። በትምህርት ተቋማት የፆታ መድልዎን የከለከለው የ1972ቱ የአሜሪካ ሕግ ለሴቶች ቡድን ገንዘብ ባመጣ ጊዜ የአሠልጣኝነቱን ወንበር ብዙ ወንዶች እንደ ያዙት፣ ጋሶና ሃቺንስ እያሉ የኔ ጽሑፍ በካንድሪያ መጀመሩም የዚሁ ልማድ ተቀጥላ መሆኑን አሰመሩበት። መልስ 5 ወዲያው ተነሥቶ ጸሐፊዋን በቅናት ወነጀለ፤ መልስ 6 ደግሞ መልስ 5ን ባለጌ ብሎ ሰደበ፤ አወያዩ ሁለቱንም አስጠነቀቁ። በእኔ አስተያየት የመልስ 4 ቅሬታ ተገቢ ነበር፤ ሆኖም ካንድሪያ ሲወጣ ወንበሩን የተረከበችው በእርሱ ሥር የተጫወተችውና ረዳቱ የነበረችው ኬትሊን ሎው መሆኗን፣ በመጀመሪያ ዓመቷም ቡድኑን በኦክላሆማ ሲቲ እስከሚካሄደው የስምንት ቡድኖች የመጨረሻ ውድድር ድረስ ማድረሷን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ክርክራቸውን አጎድሎታል።

መልስ 7 ቁጣውን አበረደው። ጸሐፊው የነገሩን ስለ አቴንስ ነው። ካንድሪያ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዞ ለ2004 ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ባለቤቱ ሱ በአንጎል የደም ሥር መቀደድ በድንገት ዐረፈች። ከቡድኑ ጋር ወደ አቴንስ ሄደ፤ ዘጠኙንም ጨዋታ አሸነፉ፤ በጠቅላላው 51 ነጥብ አስቆጥረው የተቆጠረባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም አውስትራሊያን 5 ለ 1 በረቱበት ፍጻሜ ላይ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ ግን በኦሊምፒክ 22 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈው ቡድን ለወርቁ ከጃፓን ጋር ገጥሞ 3 ለ 1 ተሸነፈ። ጸሐፊው ሐዘንን ከስፖርት ጋር ማነጻጸር እንደማይወዱ ገልጸው ጽሑፋቸውን በዚያው ቋጩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው መልስ 8 ናት፤ ለእኔ የክሩ ልብ የሷ ጽሑፍ ነው። በሜሪላንድ ሁለት ልጆቿን ሶፍትቦል የምታጫውት እናት ስትሆን፣ የልጄ ኳስ በእግሮቿ መካከል ለምን እንደ ሾለከች ሳታያት አወቀች። ጓንቱ የወረደው ዘግይቶ ነው አለች። ጓንት ከመሬት ወደ ላይ ይነሣል እንጂ ከላይ ወደ መሬት አይወርድም፤ ከላይ የሚወርድ እጅ በዝቅታ የምትመጣ ኳስ ላይ ምንጊዜም ይዘገያል። መፍትሔ ብላ የሰጠችው ልምምድ ሜዳም የሚሻ አይደለም፤ ሁለት ልጆች በሦስት ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ተንበርክከው፣ ጓንት ሳያደርጉ፣ ከባልንጀራቸው ጉልበት ፊት አንድ ጊዜ የምትነጥር ኳስ ይወራወራሉ፤ ኳሷ ከመሬት እንደ ተነሣች፣ ከፍ ሳትል፣ በለስላሳ እጅ ትቀለባለች። ሠላሳ በቀኝ፣ ሠላሳ በግራ፣ ሠላሳ ከፊት ለፊት። እጃቸው ሲለምድ ጓንቱ ይመጣል፤ ከዚያም ይቆማሉ፤ በመጨረሻም እየተራመዱ ይቀልባሉ። እሷ ይህን ስታይ ሁልጊዜ ትዝ የሚላት ደጃፍ ላይ የተጫወተችው ቅልብልቦሽ መሆኑንም ጨመረች፤ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ መሬት ያለውን ለቅሞ የወረደውን መቅለብ ከዚህ ልምምድ ጋር አንድ ዓይነት የእጅ ትምህርት ነው።

ከዚህ በኋላ ከመልስ 9 እስከ 11 ያሉት ስለ ቅልብልቦሽ ብቻ ተከራከሩ፤ በአምስት ጠጠር ነው ወይስ በሰባት፣ የተነካ ጠጠር ይቃጠላል ወይስ አይቃጠልም እየተባለ ጎጃምና ሸዋ ተፋጠጡ። አወያዩ አልከለከሉም፤ እኔም ደስ ብሎኝ አነበብሁ።

መልስ 12 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጸሐፊው በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሠልጣኝ መሆናቸውን ገልጸው፣ ካንድሪያ በተለይ የሚታወቀው በመምታት ትምህርቱ መሆኑን፣ በስሙ የወጡትን የማስተማሪያ ቪዲዮዎች አሠልጣኞች እየተቀባበሉ እንደሚያዩ ጻፉ። መምታት ለምን ሁሉን የሚያጨቃጭቅ ትምህርት እንደሆነም በቁጥር አሳዩ። በኮሌጅ ወርዋሪዋ የምትቆመው ከመቺዋ 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ያህል ርቃ ነው፤ በሰዓት 65 ማይል የምትወረወር ኳስ መቺዋ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅባት ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ያነሰ ነው፤ በዚያ ቅጽበት ኳሷን ማየት፣ መወሰንና ዱላውን ማድረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ እጅ አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ነው ብሔራዊ ሻምፒዮን የሆነች ተጫዋችም ሳትቀር በየቀኑ ቲ በሚባለው የጎማ ዘንግ ላይ የቆመች ኳስ የምትመታው። ረዳት አሠልጣኙ ዘንጉን ሦስት ቦታ ያስቀምጡታል፦ ለውስጥ ኳስ (ወደ መቺዋ ሰውነት ቀርባ ለምትመጣው) ከፊተኛው እግር ፊት፣ ለመካከለኛዋ ከእግሩ ትይዩ፣ ለውጭ ኳስ (ከሰውነቷ ርቃ ለምትመጣው) ወደ ኋላ ገባ አድርገው። ልጅቷ የውጩን ኳስ ወደ ራሷ በኩል ለመጎተት ከሞከረች ኳሷ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች፤ ወደ ተቃራኒው ሜዳ ከመራቻት ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አሠልጣኝ ሳይናገር ኳሷ ራሷ ትናገራለች።

መልስ 13 በዚህ አልረካም። ጸሐፊው የቆመ ኳስ መምታት የቆመ ኳስ መምታትን ብቻ ያስተምራል ብለው፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከአጥር አንድ ዱላ ርቆ ቆሞ አጥሩን ሳይነኩ መወንጨፍ የሚሉት ልምምድ መሆኑን፣ ልጆች አጥሩን ፈርተው እጃቸውን ወደ ደረታቸው እንደሚሰበስቡና በጨዋታ ላይም እንደዚያው ተኮማትረው እንደሚቀሩ ተከራከሩ። መልስ 14 ሆነው የተመለሱት ረዳት አሠልጣኝ ስለ አጥሩ ተስማሙ፤ ስለ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላሉም። ክርክሩን እኔ ልዳኝ አልችልም፤ ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ገና አልተስማሙበትም።

ከዚያ ስለ አሪዞናዋ ወርዋሪ ስለ ታሪን ሞዋት ተነሣ። መልስ 15 ሊያሞግሷት ፈልገው ነው፤ በ2007 አሪዞና በፍጻሜው የመጀመሪያውን ጨዋታ በቴነሲ ከተሸነፈ በኋላ፣ ሁለተኛውን በ10 ኢኒንግ 1 ለ 0፣ ሦስተኛውን 5 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ በውድድሩ በሙሉ የወረወረችው እሷ ብቻ ነበረች፦ ስምንት ጨዋታ፣ 60 ኢኒንግ፣ 1,035 ውርወራ። መልስ 16 የሕክምና ባለሙያ ናቸው፤ ሙገሳው አስቆጥቷቸዋል። በሶፍትቦል ክንድ ከታች ስለሚወነጨፍ ትከሻን አይጎዳም የሚለው ልማዳዊ እምነት ስህተት መሆኑን፣ ያ ሙሉ ክብ ውንጨፋ ከትከሻ ፊት ያለውን ጅማት አጥብቆ እንደሚያስጨንቅ፣ እርሳቸው ዘንድ የሚመጡት ደግሞ የኮሌጅ ጀግኖች ሳይሆኑ ቅዳሜና እሑድ አምስት ጨዋታ የወረወሩ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች መሆናቸውን ጻፉ። መልስ 17 የጃፓኗ ዩኪኮ ኡዌኖ በቤጂንግ በሁለት ቀን 413 ጊዜ ወርውራ ወርቅ ማግኘቷን በማስታወስ ሊሞግታቸው ቢሞክር፣ ባለሙያዋ በመልስ 18 የሰጡት ምላሽ እጅግ የመረረ ነበር፤ ሜዳሊያ የሚቆጥር ሰው የተቀደደ ጅማት መቁጠር እንደማይችል አድርገው ነገሩት። ሰውየው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እኔ በሐሳባቸው እስማማለሁ፤ በአነጋገራቸው ግን ሌላም አንባቢ ሳያባርሩ አልቀሩም።

መልስ 19 እና 20 ወደ ገንዘብ ነጎዱ። አንድ አባት ከከተማ ከተማ እየተጓዘ ለሚወዳደር የልጆች ቡድን (የጉዞ ቡድን) ክፍያ፣ ለዱላና ለሆቴል በየዓመቱ የሚያወጡት ገንዘብ በመጨረሻ በነፃ ትምህርት ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ፤ የመለሱላቸው ሰው ተስፋቸውን በጥንቃቄ ቀዝቀዝ አደረጉት። ለብዙ ዓመታት አንድ የአንደኛ ዲቪዚዮን (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ) ቡድን የነበረው 12 ሙሉ የትምህርት ወጪ ብቻ ስለነበር ይህ ለሃያ ለሚሆኑ ተጫዋቾች ተሸንሽኖ ይከፈል ነበር፤ በ2025 በመጣው ለውጥ የገቡበት ትምህርት ቤቶች ገደባቸው በተጫዋች ቁጥር ሆኖ 25 ቢደርስም፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም። አባትዬው አመስግነው፣ በዚህ ሒሳብ ከሆነ ገንዘቡን ባንክ ማስቀመጥ ይሻል ነበር ብለው በቀልድ አለፉት።

በመልስ 21 ረዳት አሠልጣኙ ወደ መነሻ ጥያቄዬ ተመለሱ፤ ከእርሳቸው በፊት ማንም በቀጥታ አልመለሰውም ነበር። ሃያ አንድ አውትን እርሳቸውም ያሠራሉ። ልዩነቱ ቁጥሩ ላይ ነው። ስህተት ሲመጣ ወደ ዜሮ የሚመልስ አሠልጣኝ ልጆቹን የሚያስተምራቸው ስህተትን መፍራት መሆኑን፣ ከአሥራ አምስት በኋላ ያሉት ልጆች ኳስ ወደ እነርሱ እንዳይመጣ ሲጸልዩ ከፊታቸው እንደሚነበብ ጻፉ። እርሳቸው ቁጥሩን ባለበት ያቆሙትና ያንኑ ኳስ ለዚያችው ልጅ ደግመው ይመቱላታል፤ ከያዘችው ይቀጥላል። በጨዋታም ቢሆን ስህተት ስለሠራህ ዳኛው ያገኘኸውን አውት አይቀማህም፤ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ከሆንህ አምስተኛው ላይ ነህ፣ የሚጠበቅብህ የሚቀጥለው ኳስ ነው። ከአሥር ጊዜ ሦስቴ የሚሳካላት መቺ ጎበዝ በምትባልበት ስፖርት፣ ሰባቱን ውድቀት መሸከም የማትችል ልጅ ሦስቱንም እንደማታገኝ ጨመሩ።

በሐቀኝነት ለመናገር መልስ 3ን እንደገና ወደ ላይ ወጥቼ ያነበብሁት ይህን ካየሁ በኋላ ነው። በ1992 ተሸንፎ በ1993 ያሸነፈው፣ በ1995 ተሸንፎ በ1996 የተመለሰው፣ በ2007 የፍጻሜውን የመጀመሪያ ጨዋታ አጥቶ ሁለቱን የወሰደው ቡድን ታሪክ ፊት ለፊቴ ተጽፎ ሳለ እኔ ከዚያ ሁሉ የመዘዝሁት የብረት ሥርዓት የሚለውን ነበር። ስህተቴን በመልስ 22 አመንሁ። አዛውንቱ በመልስ 23 አልተስማሙም፤ ዜሮን ያልቀመሰ ሰው የሃያ አንድን ጣዕም እንደማያውቅ፣ የኔም ልጅ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ጓንቷን ያላወለቀችው ብለው ጻፉ። ይህንንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ልጥለው አልቻልሁም፤ ጓንቱን ለምን እንዳላወለቀች ጠይቄያት አላውቅምና። መልስ 24 ያገለገለ የግራ እጅ ጓንት የሚሸጥ እንዳለ ጠየቀ፤ አወያዩ ወደ ሌላ ክር መሩት።

ቡድኑን አልቀየርሁም፤ አሠልጣኙንም አላነጋገርሁም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከቤታችን ጀርባ ባለው ሣር ላይ ተንበርክኬ፣ ጉልበቴ በጤዛ ርሶ፣ ከሦስት ሜትር ኳስ እያነጠርሁላት ቆየን፤ የመጀመሪያዎቹን በእጇ አንጓ ተቀብላ ቆዳዋ ቀላ፤ ሃያኛዋ አካባቢ ግን መዳፏ ከሣሩ ተነሥቶ ኳሷን ያለ ድምፅ ሲያቅፋት አየሁ። ከዚያ ጓንቷን አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች፤ እኔም መምታት ስለማልችል እየወረወርሁላት ቁጥር ጀመርን። ከአሥራ ሰባተኛዋ በኋላ የወረወርኋት በጓንቷ ሥር አልፋ አጥሩ ሥር ተወተፈች። ዜሮ ልበል ወይስ ዝም ልበል እያልሁ ሳመነታ፣ እሷ ወደ አጥሩ ሄዳ ኳሷን አመጣችና ወደ እኔ ወርውራ፣ ጓንቷን መሬት አስነክታ ጎንበስ እንዳለች፣ የምንቆጥረው አሥራ ስምንትን መሆኑን ነገረችኝ።